ሰባት እህቶች ያሉት ብቸኛ ሰው

ይህን ፊልም መጀመሪያ የከፈትኩት ጊዜ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልታገስኩትም። ዘጋሁት። የፍቅር ኮሜዲ ነው ተብዬ ነበር። ስልክ ይጮሃል፣ ከበሮ የሚመስል ነገር ይንኳኳል፣ ሰው ሁሉ በአንዴ ያወራል። ራሴን አመመኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ ጓደኛዬ «በሄድፎን እየው፣ ደግሞ ማታ ብቻህን እየው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ።

ፊልሙ «ፓንች ድራንክ ላቭ» ይባላል። ጽፎ ያዘጋጀው ፖል ቶማስ አንደርሰን ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል አንደርሰን በምርጥ ዳይሬክተርነት ተሸልሞበታል፤ ሽልማቱን ከኮሪያዊው ኢም ኩዎን ቴክ ጋር ነበር የተጋሩት። ያም ሆኖ ብዙ ሰው አይቶ «አልገባኝም» ይላል። እኔም ከነሱ አንዱ ስለነበርኩ የገባኝን ያህል ላብራራ። መጨረሻውን ጭምር ነው የማወራው፤ ሳይነገራችሁ ማየት የምትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ።

ከስሙ ልጀምር። ቦክሰኛ ጭንቅላቱን ደጋግመው ሲመቱት ይዞርበታል። በእግሩ ቆሟል፤ የት እንደቆመ ግን አያውቅም። እንግሊዝኛው ቃል ይህን ሁኔታ ነው የሚጠራው። እንግዲህ የፊልሙ ፍቅር በቡጢ የዞረበት ሰው ፍቅር ነው። ቡጢው ከየት መጣ ነው ጥያቄው።

ሰውየው ባሪ ኢገን ይባላል። አዳም ሳንድለር ነው የሚጫወተው። ቦታው ሎስ አንጀለስ ነው። ከተማዋን የምታውቁ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ኮረብታውን ተሻገሩ፤ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆን ታገኛላችሁ። መጋዘን፣ ሰፊ አስፋልት፣ መጋዘን። በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙም አይታይበትም። ባሪ ከነዚህ መጋዘኖች በአንዱ የተዘጋ ሽንት ቤት የሚከፈትበትን ባለ እጀታ ጎማ ያከፋፍላል።

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ትልቅ ባዶ ክፍል እናያለን። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተለጥፏል። ባሪ ደማቅ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ ስልክ ያወራል። ገና ጎህ አልቀደደም። ሠራተኞቹ በኋላ «ሙሉ ልብሱ ለምንድነው?» ይሉታል። እሱም እንዲሁ መልበስ እንዳማረው ነው የሚናገረው። ያ ልብስ እስከ ፊልሙ መጨረሻ አይወልቅም ማለት ይቻላል። ሰው ሲጠፋበት ለማንም ባይሆን ለራሱ ይለብሳል። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ባሪ ቡናውን ይዞ ወደ መንገዱ ይወጣል። ጸጥታ ነው። ድንገት አንድ መኪና እየተገለባበጠ ያልፋል። ወዲያው ሌላ መኪና መጥቶ ይቆምና አንድ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ አስፋልቱ ዳር አውርዶ ይሄዳል። ለምን? ፊልሙ አይነግረንም። ብዙ ሰው የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። እኔ ግን ያ ደቂቃ የፊልሙ ሁሉ ማጠቃለያ ነው እላለሁ። አደጋና ስጦታ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ሳይነገሩ ይመጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ሊና የምትባል ሴት መኪናዋን ጎን ላለው ጋራዥ ለመተው ትመጣለች። ጋራዡ ገና አልተከፈተም። ቁልፏን ለባሪ ትሰጠዋለች።

መሣሪያው ሃርሞኒየም ነው። ትንሽ ኦርጋን በሉት፤ የሚጮኸው ግን በአየር ነው። ወናፍ አለው፤ አንጥረኛ ቤት ፍሙን እንደሚያነዱበት ዓይነት። ወናፉ አየር ካልሳበ ቁልፉን ብትነኩት ድምፅ የለም። የዚህኛው ወናፍ ተቀዷል። ባሪ ወደ ቢሮው ይዞት ይገባና ቀዳዳውን በፕላስተር ይለጥፈዋል። ከዚያ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ድምፁን ሰምቶ ዝም ይላል። እንደገና ይጫናል። ፊልሙ ውስጥ ሰላም የሚሰማው ያኔ ብቻ ነው፤ ሊና ሕይወቱ ውስጥ እስክትገባ።

አሁን ወደ ቡጢው እንምጣ። ባሪ ሰባት እህቶች አሉት። ሰባት። ያን ቀን የአንዷ ልደት ነው፤ ማታ ድግስ አለ። ሥራ ላይ እያለ እየተፈራረቁ ይደውላሉ። «ትመጣለህ አይደል? ምን እያደረግክ ነው? ለምን እንዲህ አልክ?» ደንበኛ ፊቱ ቆሟል። ስልኩን ዘግቶ ዞር ሳይል ሌላዋ ትደውላለች።

ማታ ድግሱ ላይ በልጅነቱ ሲያበሽቁት የነበረበትን ስም ያነሱበታል። ተናዶ መስታወት በር ላይ መዶሻ የወረወረበትንም ቀን ያነሳሉ። ይስቃሉ። ክፋት የላቸውም፤ ይህ ነው የሚያሳዝነው። እኛም ቤት ይህን እናውቀዋለን። ዓመት በዓል ሲሆን ዘመድ ይሰበሰብና የአንዱን የልጅነት ጉድ ያነሳል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ባለቤቱም አብሮ ፈገግ ይላል። ባሪም ፈገግ ይላል። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። ፈገግታው አልጠፋም። ከዚያ ሰተት ብሎ ሄዶ የመስታወት በሮቹን በእርግጫ ያወርዳቸዋል።

አዳም ሳንድለር እስከዚያ ድረስ የታወቀው በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራቸው ኮሜዲዎች ውስጥ ድንገት የሚፈነዳ፣ የሚጮህ፣ የሚሰብር ሰው ነበር፤ ሕዝቡም እየሳቀ ሲኒማ ይሞላ ነበር። አንደርሰን ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ቁጣ ወሰደ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ ይህ ሰው እንዲህ የሚሆነው ምን አግኝቶት ነው? ስለዚህ ፊልሙን ለሳቅ የከፈተ ሰው ግራ ይገባዋል። ቁጣው ያው ነው፤ አሁን ግን ያማል።

መስታወቱን ከሰባበረ በኋላ የእህቱን ባል ለብቻው ይወስደዋል። አማቹ ሐኪም ነው። አንዳንዴ ራሱን እንደማይወደው ይነግረዋል። ልትረዳኝ ትችላለህ ወይ ይለዋል። አማቹም ደንግጦ «ባሪ፣ እኔ እኮ የጥርስ ሐኪም ነኝ» ይለዋል። እዚህ ጋ ሲኒማ ቤት ሰው ይስቃል። ቀጥሎ ግን አማቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው ባሪ የሚመልሰው ነገር አለ። ችግር ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላውቅም፣ ሌላው ሰው እንዴት እንደሆነ ስለማላውቅ ይላል። ይህን ንግግር ስሰማ ሁልጊዜ ፊልሙን አቆመዋለሁ።

እኛ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» እንላለን። ባሪ ሰው ሞልቶታል፤ መድኃኒቱን ግን አላገኘም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ካቾፖ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ነገር ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እሱ ብቸኝነትን ከረሃብና ከጥም ጋር ያመሳስለዋል። ረሃብ ሰውነት «ብላ» የሚልበት ምልክት ነው። ብቸኝነትም «ሰው ፈልግ» የሚል ምልክት ነው። የሚለካውም በዙሪያችን ባለው ሰው ቁጥር ሳይሆን ቅርበቱ ምን ያህል በተሰማን ላይ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ብቸኝነት ላይሰማው ይችላል። በሰባት እህቶች መካከል የተቀመጠው ደግሞ ሊሰማው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው ከባዱ። ረሃብ ሲቆይ ሰው ምግብ ወዳለበት ይሄዳል። ብቸኝነት ሲቆይ ግን አእምሮ ጥበቃ ይጀምራል። ካቾፖ እንደሚያስረዳው፣ ለረጅም ጊዜ ብቸኛ የሆነ ሰው የሌላውን ፊትና ንግግር እንደ አደጋ ማየት ያዘነብላል። ሰላም ያለውን «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ስለዚህ ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር ይብስበታል። ባሪን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ቀላል ጥያቄ ሲጠየቅ ይዋሻል። ያደረገውን አላደረግኩም ይላል። ውሸቱ ጥቅም የለውም፤ ጋሻ ነው።

ያ የሚያውክ ሙዚቃም መልሱ እዚህ ነው። ማጀቢያውን የሠራው ጆን ብራየን ነው። አንዷ እህቱ ሊናን ልታስተዋውቀው መጋዘኑ ድረስ ይዛት የምትመጣበትን ቦታ በደንብ ስሙት። እህቱ ታወራለች። ስልክ ይደወላል። ከኋላ የዕቃ ማንሻው መኪና መደርደሪያ ይገጫል። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ምት የሌለው የሚመስል ኳኳታ አለ፤ ድስትና ማንኪያ እንደሚጋጭ። ሊና ጥግ ላይ ቆማ በጨዋነት ትጠብቃለች። እኛ ግን አንሰማትም፣ ምክንያቱም ባሪ አይሰማትም። ያን ቀን ራሴን ያሳመመኝ ኳኳታ የሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ጫጫታ ኖሯል። በሄድፎን ስሰማው ነው የገባኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ፑዲንጉ። ይህ ክፍል የብዙ ሰው ራስ ምታት ነው፤ ቀስ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ታሪክ ነው። ፑዲንግ እንደ እርጎ በትንንሽ ኩባያ የሚሸጥ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የአሜሪካ ምግብ አምራች ማስታወቂያ አወጣ። ከምርቶቹ አሥር ባርኮድ ቆርጦ ለላከ ሰው 500 የአውሮፕላን ማይል ይሰጣል። ቶሎ ለላከ ደግሞ እጥፍ፣ 1,000። ማይል ምን እንደሆነ የሼባ ማይልስ ካርድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተጠራቅሞ በትኬት የሚቀየር ነጥብ ነው።

አንድ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ሒሳቡን ሠራው። ከኩባንያው ምርቶች ሁሉ ርካሹን ፈለገ። አንዱ የፑዲንግ ኩባያ 25 ሳንቲም ሆኖ አገኘው። አሥር ኩባያ ሁለት ዶላር ተኩል። በሁለት ዶላር ተኩል 1,000 ማይል! በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት 25,000 ማይል አካባቢ ይጠይቅ ነበር። ይህ በፑዲንግ ሲታሰብ 62 ዶላር ተኩል ብቻ ነው። መሐንዲሱ ከሱፐርማርኬት ሱፐርማርኬት እየዞረ 12,150 ኩባያ ገዛ። ከ3,000 ዶላር ትንሽ ቢበልጥ ነው ያወጣው፤ ያገኘው ከ1.2 ሚሊዮን ማይል በላይ ነው። ባርኮዱን ልጦ መጨረስ ሲያቅተው ፑዲንጉን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ፤ እነሱ እየላጡ ሰጡት።

አንደርሰን ይህን ታሪክ ለባሪ ሰጠው። ፊልሙ ሲጀምር በስልክ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ፑዲንግ ሲያነሳ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲደንስ ታዩታላችሁ። ልብ ግን በሉ፤ ባሪ የሚሄድበት የለውም። አውሮፕላን ላይ ወጥቶም አያውቅም። ሰው የማያውቀውን ቀዳዳ አግኝቷል፣ ሒሳቡም ልክ ነው፤ ማይሉ ግን ወዴት? ለማን? አንድ ሚሊዮን ማይል ይዞ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ሰው። ብቸኝነትን በቁጥር እንዲህ ያሳየ ፊልም አላየሁም።

ማታ ከድግሱ ሲመለስ ባሪ ጋዜጣ ላይ ያየውን ቁጥር ይደውላል። በክፍያ ከሴት ጋር የሚወራበት መስመር ነው። ልጅቷ ወሲብ ወሲብ ስትል እሱ ስለ ሥራው ያወራል። ሰው እንዲሰማው ነው የፈለገው። የክሬዲት ካርድ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፤ የጠየቁትን ሁሉ ሰጠ። በማግስቱ ልጅቷ ራሷ ደውላ የቤት ኪራይ አጥሮኛል አለችው። እምቢ ሲል ማስፈራሪያ ሆነ። ከዩታ ግዛት አራት ወንድማማቾች ተላኩበት። ላኪው ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን የሚጫወተው የፍራሽ ነጋዴ ነው። ዛሬ በፌስቡክና በቴሌግራም «ውዴ» እየተባለ ብር የሚላክበት ማጭበርበር አሠራሩ ይኸው ነው። አንድ ሰው ሌሊት ላይ ሲከፋው ያንን ክፍተት ዋጋ ያወጡለታል። «እንዴት እንዲህ ይሞኛል?» የምንል ሰዎች የባሪን ፊት በዚያች ሌሊት እንየው። ሞኝ አይደለም፤ በጣም ርቦታል።

ሊናን የምትጫወተው ኤሚሊ ዋትሰን ናት። «እንዲህ ያለ ሰው ምኑን ወደደችው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙም ስለ እሷ ብዙ አይነግረንም፤ ይህ ጉድለቱ ነው ብል አላፍርም። የሚነግረን ትንሽ ነገር ግን ከባድ ነው። ሊና ከእህቱ ጋር ትሠራለች። የባሪን የቤተሰብ ፎቶ አይታ ነበር። ያን ጠዋት መኪናዋን ያመጣችው እሱን ለማግኘት ነው። ሳታውቀው መረጠችው፤ ደፍራም መጣች። እሷም የራሷ የሆነ ዝምታ አለባት።

አንድ ቦታ አለ፤ ቀርቤ ላሳያችሁ። የመጀመሪያ ራታቸውን ይበላሉ። ሊና እየሳቀች የመዶሻውን ታሪክ እህቱ እንደነገረቻት ታነሳበታለች። እሱ «ውሸት ነው» ይላል። ተነስቶ መጸዳጃ ቤት ይገባና ሁሉን ነገር ሰባብሮ ይመለሳል። ከሬስቶራንቱ ያስወጧቸዋል። ቤቷ በር ድረስ ያደርሳታል፣ ይሰናበታል፣ ይሄዳል። በራሱ እየተናደደ ሕንፃውን ሊወጣ ሲል የእንግዳ መቀበያው ስልክ ይደወላል። ለእሱ ነው። ሊና ናት። አሁን ልስምህ ፈልጌ ነበር ትለዋለች። ስልኩን ወርውሮ ይሮጣል። ኮሪደሩ ግን አንድ ዓይነት ነው፣ በሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ይጠፋበታል! ከአንዱ ኮሪደር ወደ ሌላው እየሮጠ በሯን ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ቡጢ ሆኖበት ነበር። ያቺ ጥሪ ብቻ መልካም ነገር ይዛ መጣች።

ከዚያ ሊና ለሥራ ሃዋይ ትሄዳለች። ባሪ ሊከተላት ፑዲንጉን ይዞ ሲጠይቅ፣ ማይሉ ተመዝግቦ እስኪደርስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል ይሉታል። ስለዚህ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ይሄዳል። ያኔ ኳኳታው ይቆምና ዘፈን ይመጣል፤ ሼሊ ዱቫል እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «ፖፓይ» ፊልም የዘፈነችው። እኔን ይፈልገኛል የምትል፣ ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ የሴት ዘፈን። ሃዋይ ደርሶ ከሕዝብ ስልክ ይደውላል። ሊና ስልኩን ስታነሳ የስልክ ቤቱ መብራት ቦግ ይላል። እንደ ልጅ ሥዕል ግልጽ ነው፤ እኔ ግን በየጊዜው ደስ ይለኛል።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ወንድማማቾቹ ሊና ያለችበትን መኪና ይገጩታል፤ ደም ይፈሳታል። ባሪ ይወርድና አራቱንም በብረት ይደበድባቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ አይንቀጠቀጥም። ፍቅር ጉልበት ሰጠው የሚል ትርጓሜ አለ። በኋላ ዩታ ድረስ ሄዶ የፍራሽ ነጋዴውን ሲጋፈጥ ራሱም ይህንኑ ይላል። እኔ ይህን ብቻ ይዞ ለሚወጣ ወንድ እፈራለታለሁ። የሚሰብር እጅ ለፍቅር ሲል ስለሰበረ አይፈወስም። ፊልሙ ራሱ የሚያውቀው ይመስለኛል። ምክንያቱም ባሪ ለጠብ ሲሮጥ ሊናን ሆስፒታል ጥሏት ነው የሄደው። ተመልሶ ሲመጣ የለችም። ጀግንነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሃርሞኒየሙን ተሸክሞ በሯ ላይ ይቆማል። ያንኑ ሰማያዊ ልብስ ለብሷል፤ ከዚያ ከባድ ዕቃ ጋር በእነዚያ ኮሪደሮች ሮጦ ነው የመጣው፤ አሁን አልጠፋበትም። በሩ ሲከፈት ሁሉንም ይነግራታል፤ የደወለበትን ቁጥር፣ የተላኩበትን ሰዎች፣ ሆስፒታል ጥሏት መሄዱን። ፊልሙን ሙሉ «አላደረግኩም» ሲል የነበረ ሰው ምንም ሳይደብቅ ይናገራል። ማይሉም ቦታውን ያገኘው ያኔ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብትታገሺኝ፣ ለሥራ በሄድሽበት ሁሉ አብሬሽ እሄዳለሁ ይላታል።

በመጨረሻው ትዕይንት ባሪ ሃርሞኒየሙ ላይ ተቀምጧል። ፊልሙ ሲጀምር አንድ አንድ ቁልፍ ይነካ የነበረው ሰው አሁን ዜማ ይጫወታል። ሊና ከኋላው መጥታ አቀፈችው። አየሩ ያ በፕላስተር የተለጠፈው ወናፍ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል።